ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የገዛኋት የእጅ ጡት ማለቢያ፦ ታልባለች፣ የተዘጋ ጡት ግን አትከፍትም

ድሬ ታይዋን ገበያ ገብተሽ የሕፃን ዕቃ ወደሚሸጡት ጠጋ ብትዪ፣ ከጡጦውና ከዳይፐሩ መሀል የእጅ ጡት ማለቢያ ታያለሽ። ካርቶኑ ላይ አንዲት ፈረንጅ እናት ፈገግ ብላ ተቀምጣለች። ይሄ ምን ያደርጋል ብለሽ ብትጠይቂ ሻጩ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል፦ "እህቴ፣ ወተት ያልባል፣ የተዘጋ ጡት ይከፍታል፣ የደረቀ ይመልሳል።" የመጀመሪያው እውነት ነው። ሦስተኛው እንደ ሴቷ ነው። ሁለተኛው ላይ ግን ብዙ የምለው አለኝ። ብዙዎቻችን ብር ቆጥረን እዚያ ሱቅ የምንሄደው ጡታችን አብጦ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ አንድ ነገር ቶሎ እንዲገላግለን ስንፈልግ ነውና።

መጀመሪያ ስለ ዕቃዋ። የቻይና ሥራ ናት። ስሟን አልጽፍልሽም፣ ያችው አንዷ ዕቃ እዚያው መደብ ላይ በተለያየ ስም ስለምትሸጥ አይጠቅምሽም። ጡት ላይ የሚገጠም ሰፊ አፍ አላት። ከውስጥ ለስላሳ ጎማ፣ በጎን የሚጨመቅ እጀታ፣ ከታች ወተቱ የሚጠራቀምበት ጠርሙስ። እጀታውን ስትጨምቂው አየር ትስባለች፣ ስትለቂው ትለቃለች። መሀል ላይ ትንሽ ነጭ የጎማ ቫልቭ አለች። ዋናዋ እሷ ናት። እሷ ከላላች ወይም ከተቀደደች እጀታውን እስኪመሽ ብትጨምቂው ጠብ የሚል ነገር የለም። ዋጋዋን አልነግርሽም፣ ዶላሩ በተነቃነቀ ቁጥር ስለሚለዋወጥ። ደግሞ ታይዋን ላይ መጀመሪያ የተጠራለትን ዋጋ የሚከፍል የድሬ ልጅ አለ እንዴ?

እንደ ማለቢያ አሪፍ ናት። ጡት ሲግት ትንሽ አልቦ ለማስተንፈስ፣ ልጁ እንዲጎርስ ጫፉን ለማለስለስ፣ ከቤት ስትወጪ አንድ ጡጦ ትተሽ ለመሄድ ትበቃለች። መብራት አትፈልግም፣ ይሄ እኛ ሰፈር ትልቅ ነገር ነው። ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ አላት፣ ግን የተኛ ልጅ አትቀሰቅስም። አውራ ጣትሽን ትንሽ ታደክመዋለች። በቃ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ልጄ ሌሊት ረዘም አድርጎ መተኛት ጀመረ፣ እሰይ አልን። ጡቴ ግን ወሬውን አልሰማም፣ እንደ ድሮው ማምረቱን ቀጠለ። ጠዋት ስነሳ በቀኝ በኩል ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ ጠጠር ያለ እብጠት አለ። ሲነኩት ያማል፣ ከላይ ቆዳው ቀላ ብሏል፣ ልጁ ሲጎርስ ሕመሙ እስከ ትከሻዬ ድረስ ይወጣል። ትኩሳት የለኝም። የወተት ቱቦ መዘጋት የሚሉት ይሄን ነው፣ እናቶቻችን ጡቷ ቋጠረ የሚሉት። ከብዙ ነገር ይመጣል፦ ማጥባት በድንገት ሲዘለል፣ ልጁ በደንብ ሳይጎርስ ሲቀር፣ ከሚጠባው በላይ ወተት ሲመረት፣ ወይም በዚህ ሙቀት ላይ ሽቦ ያለውን ጥብቅ ጡት መያዣ ጠፍሮ ሲዋል። (የመጨረሻውን ለሠርግ ሲባል የምናደርገው አለን፣ አውቃለሁ።)

ማለቢያዋን ሻጩ ባለው መሠረት እዚያው ላይ ሞከርኳት። ከጤነኛው ጡት ጠርሙሱ ግማሽ ደረሰ። ከታመመው ጠብታ ጠብታ ብቻ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት የሚስማማሽን ፍጥነት ምረጪ ይላል፣ ሻጩ ደግሞ ጠንከር አድርገሽ ሳቢ ብሎኛል። ጠንከር ሲደረግ የመጣው ወተት ሳይሆን መቅላት ነው። ጫፉ ቆሰል አለ፣ እብጠቱም ሰፋ እንጂ አልጠበበም።

ለምን እንደሆነ ያስረዳችኝ ልጄን የማስከትብበት ጤና ጣቢያ ያለች አዋላጅ ነርስ ናት። ሲስተር ስለ ማለቢያዋ ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያ ወረቀት አውጥታ ሣለችልኝ። ሁላችንም አንድ ቧንቧ ውስጥ የረጋ ወተት ተወትፏል ብለን ነው የምናስበው። እንደዚያ አይደለም። ቱቦዎቹ ቀጫጭንና ብዙ ናቸው፣ እርስ በርሳቸውም የተጠላለፉ ናቸው። የሚሆነው በዙሪያቸው ያለው ሥጋ ያብጥና ከውጭ ይጫናቸዋል፣ እነሱም ይጠባሉ። ስለዚህ የሚወጣ ቡሽ የለም። ያበጠውን በኃይል ስትስቢውና ስታሺው እብጠቱ ይብሳል። እብጠቱ ሲብስ ቱቦው ይበልጥ ይጠባል። በዚያ ላይ ብዙ ባለብሽ ቁጥር ሰውነትሽ ልጅ የጠባ መስሎት ተጨማሪ ወተት ይሠራል። በተጨናነቀ የመጋላ መንገድ ላይ ከኋላ ሌላ ባጃጅ እንደ መላክ ነው፣ ጥሩንባ ይጨምራል እንጂ መንገዱን አይከፍተውም።

ይሄ የአንዲት ነርስ ሐሳብ ብቻ አይደለም። የጡት ማጥባት ሕክምና አካዳሚ የሚባለው የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ያሻሻለው መመሪያም ይሄንኑ ነው የሚለው። ጠንካራ መታሸት ይቅር። ጡቱን ባዶ እስኪሆን ማለብ ይቅር። ቀዝቃዛ ይያዝበት። ልጁ በፈለገ ጊዜ እንደ ወትሮው ይጥባ፣ አይብዛም አይነስም። ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን ሲነገረን የኖረው ተቃራኒው ነበር፣ ሙቅ ጨርቅ፣ ማሸት፣ ደጋግሞ ማለብ። ስለዚህ እናትሽ ወይም አንዳንድ ባለሙያ የድሮውን ቢነግሩሽ አትቀየሚያቸው፣ እነሱም የተማሩት እሱን ነው።

እኛ ቤት ደግሞ ምክር ሞልቷል። እናቴ ውሃ አሙቃ ፎጣ ይዛ ቆማለች፣ "ካልሞቀ ይመግላል ልጄ" ትላለች። አማቴ ዓይን ነው ብላ ደምድማለች፣ በተለይ አንዲት ጠያቂ "ወተትሽ እንዴት ነው የሚፈሰው!" ካለች በኋላ ያቺ ሴት ዳግም እንድትገባ አልፈቀደችም። ጎረቤታችን ደግሞ ወጌሻ ይጠራ አለች፣ ጥሩ እጅ ያላት ሴት አውቃለሁ ብላ። እዚህ ላይ ጨክኜ እምቢ አልኩ። እግር ወለም ሲል ወጌሻ እሺ፣ ያበጠ ጡት ላይ ግን ያ ጣት አይግባ። ውስጡ ስስ ነው፣ ትንንሽ የደም ሥሮች ይጎዳሉ፣ እብጠቱም ይብሳል። ሙቁን ውሃ በተመለከተ ለእናቴ አንድ ነገር ተውኩላት፦ ገላዬን ለብ ባለ ውሃ እታጠባለሁ፣ ያዝናናኛል፣ አንዳንዷን ሴት ሕመሙንም ያስታግስላታል። ለረጅም ጊዜ ጡት ላይ ሙቅ ነገር መጫን ግን ደም ይስባል፣ እብጠትም ይጨምራል።

አንዷ ጓደኛዬ ከቀፊራ ገበያ ጥቅል ጎመን ይዛ መጣች። ይሄን ወደድኩት። ቅጠሉ ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቅዞ ጡት መያዣ ውስጥ ሲገባ በድሬ ሙቀት ደስ ይላል፣ መድኃኒትነቱ ከቅዝቃዜው ይልቃል ብዬ ግን አልምልም። የተረፈውን ወጥ ሠራንበት። አብሽ ግን ለጊዜው ይቁም አልኩ። አራስ ቤት ወተት ያመጣል ተብሎ በየቀኑ ይጠጣል፣ እኔ ደግሞ የሚያስፈልገኝ ተጨማሪ ወተት አልነበረም። አጥሚቱንና ገንፎውን አልነካሁም፣ ማንስ ይነካዋል።

እና ምን ሠራ? በረዶ። ከሰፈር ሱቅ የበረደ ሃይላንድ፣ በስስ ፎጣ ተጠቅልሎ፣ እብጠቱ ላይ 10 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ እንደገና። ቆዳ ላይ በቀጥታ አታድርጊው፣ ያቃጥላል። ከዚያ አይቡፕሮፌን። ይሄ ሕመም ማስታገሻ ብቻ አይደለም፣ እብጠትም ይቀንሳል፣ ለሚያጠቡ እናቶችም ይሰጣል። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካለብሽ ግን ሳትጠይቂ አትውሰጂ፣ መጠኑንም ከባለሙያ ስሚ። ፓራሲታሞልም ለሕመሙ ይሆናል። ቀጥሎ ልጁ ራሱ። ከታመመው ጡት ማጥባት አታቁሚ፣ ወተቱ ልጁን አይጎዳውም። ሁልጊዜ ከታመመው ጀምሪ የሚለውንም ምክር ሲስተር ተይው አለችኝ፣ ልጁ እንደ ልማዱ ተራ በተራ ይጥባ። መታሸት ካማረሽ ደግሞ ቆዳውን ብቻ የሚነካ ቀላል ዳበሳ፣ ከእብጠቱ ወደ ብብት አቅጣጫ፣ ሳይጫኑ። ይሄን ሁሉ ባደረግኩበት ጊዜ ማለቢያዋ ካርቶኗ ውስጥ ነበረች። ጠጠሩም ቀስ በቀስ ለሰለሰ፣ ጠፋ።

የጤና ጣቢያውን አገልግሎት ነጥብ ስጪ ብባል ማለቢያዋን በሩቅ ያስንቃታል። ወረፋው ረጅም ነው፣ አግዳሚ ወንበሩ ጥላ የለውም፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ የገባ ሰው በፀሐይ ይጠበሳል። ግን ጡትሽን የሚያይ፣ ልጁ ሲጠባ ቁጭ ብሎ የሚመለከትና "አገጩ አልነካም፣ አፉን ሰፋ አድርጎ ይጉረስ" የሚልሽ ሰው ታይዋን ላይ አይሸጥም። በማይከፈልበት ነገር መሀል እንዲህ ያለ እጅ አለ።

ከሁሉ ያበሳጨኝ ማለቢያዋ ሳትሆን አንድ መድኃኒት ቤት ነው። ባለቤቴ አይቡፕሮፌን ሊገዛ ሄዶ ምልክቱን ሲነግራቸው፣ ሳያዩኝ፣ ያለ ማዘዣ፣ አሞክሳሲሊን ጨምረው ሰጡት። ትኩሳት የለም፣ መግል የለም። የተዘጋ ቱቦ አንቲባዮቲክ አይፈልግም። ባክቴሪያ ገብቶ ጡቱ ሲመረዝ ይፈልጋል፣ ያን ጊዜም ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ስታፊሎኮከስ የሚባለው ነው፣ እሱ ደግሞ ተራውን አሞክሳሲሊን አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋማል። ሐኪሙ የሚመርጠው እንደ ክሎክሳሲሊን ያለውን ነው። ፓኬቱን መለስነው፣ ብሩን ግን አልመለሱልንም።

ይሄን ስል ሐኪም ቤት አትሂጂ ማለቴ አይደለም፣ ተቃራኒው ነው። ትኩሳትሽ ከ38.5 ካለፈ፣ ብርድ ብርድ ካለሽና ሰውነትሽን ከቆረጠመሽ፣ ቅላቱ ከሰፋ፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ምንም ለውጥ ከሌለ ባጃጅ ጥሪና ሂጂ። ድል ጮራ ሆስፒታል ይሁን ሳቢያን፣ የቀረበሽ ጋ። ድሬ ላይ ችግሩ ደግሞ ሙቀቱ ነው፣ ትኩሳቱን የአየሩ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፣ ስለዚህ ቴርሞሜትር ይኑርሽ። እብጠቱ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ መስሎ ከተሰማሽ መግል ሊሆን ይችላል፣ እሱ በመርፌ ወይም በትንሽ ቀዶ ጥገና ካልወጣ አይድንም። ሳይጠፋ የቀረ ጠጠርም የሚያጠባ ጡት ነው ተብሎ አይታለፍ፣ በአልትራሳውንድ ይታይ። ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ካየሽ ደግሞ በመርፌ አትጓጉሪው። ቆዳው ይቆስላል፣ በዚያው መንገድ ቆሻሻ ይገባል።

ወደ ዕቃዬ ልመለስ፣ ስሟን ብቻ አጥፍቼ እንዳልሄድ። ማለቢያዋ የምትከበርበት ቦታ ሥራ መመለስ ነው። ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው፣ ልጁ ጡት ብቻ መጥባት ያለበት ደግሞ 6 ወር። መሀል ላይ ያለውን ክፍተት ማን ይሙላው? እሷ። ቢሮ ውስጥ ሰዓቱ ሲደርስ በር ዘግቶ፣ ልጁ ቤት ቢሆን በሚጠባው ልክ ብቻ ማለብ። በእርግጥ ጡት እንዳይዘጋ ትረዳለች፣ ማጥባት ስለማይዘለል። ሻጩ ይሄን ቢል እኔም አብሬው እሸጥለት ነበር።

ግን ድሬ ላይ ወተት ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የታለበ ወተት ከፍሪጅ ውጭ ቢበዛ ለ4 ሰዓታት ይቆያል የሚባለው እስከ 25 ዲግሪ ላለ ቤት ነው። በግንቦትና በሰኔ እዚህ 25 ዲግሪ የሚባለውን የምናየው ሌሊት ላይ ነው። ሐረር ያለችው እህቴ ጠረጴዛ ላይ ትታው ትወጣለች፣ ዳገቱን ወጥታ ብርዱ ላይ ስለተቀመጠች። እኔ ወዲያው ካለብኩ በኋላ በረዶ ያለበት ትንሽ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ አስገባለሁ፣ ቤት ስደርስ ፍሪጅ። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፣ መብራት እስካለ ድረስ። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ከጠፋ አልጠራጠርም፣ እደፋዋለሁ፣ ቢያንገበግብም።

ሁለተኛው የድሬ ጉዳይ ውሃው ነው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቂዋለሽ። ያው ማለቢያዋን ስትቀቅያት እሷም ላይ ይጋገራል። ቫልቯ ላይ ሲቀመጥ በደንብ አትዘጋም፣ አየር ታስገባለች፣ መሳብ ታቆማለች። እኔ ተበላሸች ብዬ ልጥላት ስል ጎረቤቴ ናት ያዳነቻት፣ አቼቶ በውሃ አቅጥኚና ዘፍዝፊያት ብላ። ተመለሰች። ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ ነው፣ ልጁ ሰላጣ አይደለም የሚጠጣው። ለመጨረሻው መቀቀያ ፈልቶ ያጠለልኩትን ወይም የታሸገ ውሃ እጠቀማለሁ። ቅንጦት ይመስላል፣ ከአዲስ ማለቢያ ግን ይረክሳል።

ትልቁ ጉድለቷ አፏ ነው። ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው አንድ መጠን ብቻ ነው፣ 24 ሚሊ ሜትር። ሴት ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነች ይመስል። የጡት ጫፍሽ ያለ መታሸት ወጣ ገባ ማለት አለበት፣ ዙሪያው ያለው ጥቁሩ ቆዳ ብዙ መግባት የለበትም። አፉ ከሰፋ ጥቁሩ ቆዳ ይጎተትና ያብጣል፣ ከጠበበ ጫፉ ይላጣል፣ ሁለቱም መዘጋትን ይጋብዛሉ። ማስመሪያ ይዘሽ የጫፍሽን ስፋት ለኪ። የአፉ ስፋት ከሱ ትንሽ ቢበልጥ በቂ ነው። 21 እና 28 የሚባሉ መጠኖች አሉ፣ ታይዋን ላይ ጠይቄ ግን ሻጩ "ሁሉም አንድ ነው አቦ" ብሎኝ ዞረ። ቀጫጭን የጎማ ማጥበቢያም አለ፣ አፉ ውስጥ የሚገባ፣ እሱን ከአዲስ አበባ ያስመጣች ጓደኛ አለችኝ።

ሌሎቹንስ? አፉ ጡት ላይ ተለጥፎ በራሱ የሚስበው የሲሊኮን ጠርሙስ ርካሽ ነው፣ ልጁ በአንዱ ሲጠባ ከሌላው የሚንጠባጠበውን ይሰበስባል። ግን ወተት ለሚበዛት ሴት አልመክረውም፣ ሳታውቂው ብዙ ይስብና ምርቱን ከፍ ያደርገዋል፣ ከዚያ ተመልሰሽ ወደ ጠጠሩ። የኤሌክትሪኩ ፈጣን ነው፣ ቻርጅ የሚደረገውን ካገኘሽ መብራት ሲጠፋም ይሠራል፣ ዋጋው ግን ለብቻው ስብሰባ ይፈልጋል። ለእኔ ዓይነት፣ በቀን አንድ ሁለቴ ለምታልብ፣ የእጇ ትበቃለች።

ልትገዢ ከሄድሽ ካርቶኑን አስከፍቺ። መዳፍሽን አፏ ላይ በደንብ ግጠሚና እጀታውን ጨምቀሽ ያዢ። መዳፍሽን ሳብ አድርጋ ከያዘች ደህና ናት፣ ወዲያው ከለቀቀች ቫልቯ አይሠራም። ትርፍ ቫልቭ አብሮ መኖሩን እዪ፣ ከሌለ በዋጋው ላይ ተከራከሪበት። ሰው የተጠቀመባትን ብትረክስም አትግዢ፣ ጎማዋ ውስጥ የገባ ወተት አይታይም። ሻጩ ካርቶን አይከፈትም ካለሽ አትከራከሪ፣ ጎኑ ያለው ሱቅ ይከፍትልሻል።